ሰምቶ ያመናትን ዳኛ ፍርድ ሳትሰሟት ስትሽሩ፦ ለይግባኝ ሰሚ ዳኞች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ በጅማና በአካባቢዋ ይግባኝ ለምትሰሙ ክቡራን ዳኞች
ግልባጭ፦ ለሥር ፍርድ ቤት ዳኞች፣ ለችሎት አስተርጓሚዎች እና ለከተማችን ነዋሪዎች
ጉዳዩ፦ በወሲባዊ ትንኮሳ ክርክሮች የምስክር ተአማኒነት በይግባኝ የሚመዘንበትን መንገድ ይመለከታል

ክቡራን ዳኞች፣

በቅድሚያ ሰላምታችንን እናቀርባለን።

ይህን ደብዳቤ እንድንጽፍ ያደረገን በቅርቡ አንድ ይግባኝ ሰሚ ችሎት የሰጠው ውሳኔ ነው። ችሎቱን በስም አንጠራም። የባለጉዳዮቹንም ስም አናነሣም። አንድን ዳኛ ነጥለን መውቀስ አንፈልግም፤ ያየነው ነገር ከአንድ መዝገብ በላይ ነው።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። አንዲት ሴት በቡና ማደራጃ መጋዘን ውስጥ በቀን ሒሳብ ቡና ትለቅም ነበር። ጠዋት ጠዋት ካቦው በር ላይ ቆሞ ስም ይጠራል። ስሙ ያልተጠራ ሰው ያን ቀን ሥራ የለውም። ይህ ካቦ ከሥራ በኋላ እንድታገኘው ደጋግሞ ይጠይቃት ጀመር። ምን እንደሚፈልግም በግልጽ ይነግራት ነበር። እምቢ ስትል ስሟ ከጥሪው መጥፋት ጀመረ። በመጨረሻ ለአሠሪው አመለከተች። አሠሪው ነገሩን አጣርቶ ካቦውን አሰናበተው። ካቦውም "ከሕግ ውጪ ነው የተባረርኩት" ብሎ አሠሪውን ከሰሰ።

የሥር ፍርድ ቤቱ ዳኛ ሠራተኛዋን በአካል ሰሟት። አብረዋት የሚለቅሙ ሴቶችንም ሰሙ። ካቦውንም ሰሙት። ከዚያ አመኗት። ለምን እንዳመኗትም ጻፉ። በመስቀለኛ ጥያቄ ብዙ ብትገፋም ዋናው ቃሏ አልተናጋም አሉ። ካቦው ግን ስሟን ለምን እንዳልጠራ ሲጠየቅ አንዴ "ሥራ ቀንሶ ነው" አለ፣ አንዴ ደግሞ "እጇ ቀርፋፋ ስለሆነ ነው" አለ። በዚያው ሳምንት አዳዲስ ለቃሚዎች ማስገባቱንም ራሱ አመነ። ዳኛው ይህን ሁሉ መዝነው ስንብቱ ሕጋዊ ነው ብለው ወሰኑ።

ይግባኝ ሰሚው ይህን ፍርድ በጥቂት መስመሮች ሻረው። የድርጊቱን ቀን አስተካክላ አልተናገረችም፤ ቅሬታዋን ወዲያው አላቀረበችም፤ የዓይን ምስክር የለም። ምክንያቱ ይኸው ነው። የሥር ዳኛው የጻፏቸው ምክንያቶች በውሳኔው ውስጥ አንዳቸውም አልተነሡም። ተሳስተዋል አልተባለም፣ ትክክል ናቸውም አልተባለም። ካቦው ውዝፍ ደመወዙ ተከፍሎት ወደ ሥራው እንዲመለስ ተወሰነ። እሷ ሥራውን ትታ ወጣች።

ቅሬታችንን በዝርዝር እንድናቀርብ ይፈቀድልን።

የመጀመሪያው ቅሬታችን እናንተ ዘንድ የሚደርሰውን ወረቀት ይመለከታል። ከሌላው ሁሉ በላይ የምንቆይበትም እዚህ ላይ ነው።

የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 147 የምስክር ቃል በመደበኛነት በትረካ መልክ እንዲጻፍ ያዛል። ጥያቄና መልሱ እንዳለ የሚመዘገበው ዳኛው አስፈላጊ ሆኖ ሲያገኙት ነው። በሥራ ክርክርና በሌላውም የፍትሐ ብሔር ጉዳይ የምናየው ልማድ ከዚህ ብዙም አይለይም። ስለዚህ ፋይሉ ላይ "ምስክሯ እንዲህ ስትል መስክራለች" የሚል አንድ አንቀጽ ይቀመጣል። ጥያቄው አይታይም። ዝምታው አይታይም። "ምን አለሽ? ቃሉን በትክክል ንገሪን" ተብላ በሰው ፊት ደጋግማ ስትጠየቅ፣ አንገቷን ደፍታ ቆይታ በመጨረሻ ስትናገር፣ መዝገቡ የያዘው የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ፍርድ ቤት የዋለ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል።

በዚህ ላይ ትርጉም አለ። የክልላችን ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው። ይህ ተገቢ ነው፤ በቋንቋው ላይ ምንም ቅሬታ የለንም። ጅማ ግን ብዙ ቋንቋ የሚነገርባት ከተማ ናት። አማርኛ፣ ዳውሮኛ፣ ካፊኛ ወይም የምኛ ብቻ የሚናገር ምስክር በአስተርጓሚ ነው የሚመሰክረው። ከላይ ያነሣነው "የቀን ስህተት" የመጣውም ከዚህ ነው። ሠራተኛዋ በአማርኛ "የሐሙስ ገበያ ዋዜማ ነው" አለች። አስተርጓሚው "በገበያው ቀን አካባቢ" ብሎ አሳጠረው። በመስቀለኛ ጥያቄ ደግሞ "ረቡዕ" አለች። የጅማ ትልቁ ገበያ ሐሙስ መሆኑን የማያውቅ ሰው የለም። ዋዜማው ረቡዕ ነው። ችሎት ውስጥ የነበሩት ዳኛ ሁለቱንም ሰምተዋልና ግራ አልተጋቡም። ወረቀቱን ብቻ ያነበበው ችሎት ግን "አንዴ የገበያ ቀን፣ አንዴ ረቡዕ ትላለች" ብሎ እንደ ተቃርኖ ቆጠረው።

የጅማ ሰው ቡና ሳይቀመስ በወረቀት ብቻ ደረጃ እንደማይወጣለት ያውቃል። የምስክር ቃልም ሰሚው ያገኘው ነገር ሁሉ ወደ አንባቢው አይደርስም። ስለዚህ ሰምቶ የወሰነውን ዳኛ ግኝት ለመሻር ከንባብ የመጣ ጥርጣሬ በቂ ሊሆን አይገባም።

አንድ ነገር ግን ግልጽ እንዲሆን እንፈልጋለን። የሥር ዳኛው ፊቷን ስላዩ ብቻ አይሳሳቱም እያልን አይደለም። ያለቀሰ ሁሉ እውነተኛ አይደለም። ረጋ ብሎ የተናገረም ሁሉ ውሸታም አይደለም። የሥር ዳኛው የሚበልጡት ክርክሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ስለተከታተሉ ነው። ምስክሯ የትኛውን ጥያቄ እንዴት እንደመለሰች፣ ካቦው የት ላይ ቃሉን እንደቀየረ፣ ሁለቱ የሚሉት ከሌላው ማስረጃ ጋር እንዴት እንደሚገጥም አንድ ላይ አይተዋል። ክብር እንዲሰጠው የምንጠይቀው ለዚህ ሥራ ነው።

ሁለተኛው ቅሬታችን "ወዲያው አላመለከተችም" የሚለው ምክንያት ነው። ይህን ቃል በተሻሩ ፍርዶች ላይ ስናነብ ሆዳችን ይቃጠላል። በቀን ሒሳብ የምትሠራ ሴት ለማን ታመልክት? ስሟን የሚጠራው ራሱ ነው። የነገ እንጀራዋ በእሱ አፍ ላይ ነው። ሕጉ ራሱ እንኳ በዚያው ቀን አመልክቺ አላላትም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 32 በአሠሪዋ ወይም በሥራ መሪ ትንኮሳ የደረሰባት ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ውሏን እንድታቋርጥ ይፈቅዳል። ለዚህም በአንቀጽ 33 የ15 የሥራ ቀናት ጊዜ ይሰጣል። ሕግ አውጪው ሰው ለማሰብና ለመወሰን ጊዜ እንደሚያስፈልገው ተረድቷል። ታዲያ ጥቂት ቀን መቆየቷ ብቻውን ቃሏን ውድቅ የሚያደርገው በየትኛው ሕግ ነው?

"የዓይን ምስክር የለም" የሚለውም እንዲሁ ነው። ያው አዋጅ ወሲባዊ ትንኮሳን ሲተረጉም በቃል፣ በምልክት ወይም በሌላ ሁኔታ የሚፈጸም መሆኑን ነው የሚናገረው። ቃል ጠባሳ አይተውም። ይህን የሚያደርግ ሰውም ምስክር ጠርቶ አያደርገውም። የአንድ ሰው ቃል ታማኝ ሆኖ ከተገኘ በቂ አይደለም የሚል ድንጋጌ ሲጠቀስ አላየንም። የሚጠቀስ ካለ ይጠቀስልን።

ሦስተኛው ቅሬታ ከመጀመሪያው ጋር የሚጋጭ ሊመስል ይችላል። አይጋጭም።

በከተማችን አንድ ሆቴል በእንግዳ መቀበያ የምትሠራ ወጣት አለቃዋን ከሰሰች። የሥር ፍርድ ቤቱ አላመናትም። ምክንያቱ ሁለት ነበር። አንደኛ፣ ድርጊቱ ተፈጸመ ካለችበት ቀን በኋላም ከአለቃዋ ጋር ቡና ስትጠጣ ታይታለች። ሁለተኛ፣ ስትመሰክር "አልተረበሸችም"። ይግባኝ አለች። ይግባኝ ሰሚው "የሥር ፍርድ ቤት ምስክሮቹን በአካል አይቶ የደረሰበትን ድምዳሜ የምንነቅፍበት ምክንያት የለም" ብሎ አጸናው።

እዚህ ላይ ነው ነቀፌታ የሚያስፈልገው። ያ ዳኛ የተነሡት ካዩት ነገር ሳይሆን "የተተነኮሰች ሴት እንዲህ ትሆናለች" ከሚል ግምት ነው። የሆቴል ሠራተኛ አለቃዋ "ነይ ቡና ጠጪ" ሲላት እምቢ ብትል ምን እንደሚጠብቃት ማንም ያውቃል። ሳትረበሽ መናገሯም ምንም አያሳይም፤ ሥራዋ ራሱ ቀኑን ሙሉ ለእንግዳ ፈገግ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ግምት በማስረጃ ምዘና ስም ቢቀርብም የሕግ ስህተት ነው። "በአካል አይተዋታል" በሚል ቃል ሊሸፈን አይገባም።

ስለዚህ የምንጠይቃችሁ ሁልጊዜ ሴቷን እመኑ የሚል ነገር አይደለም። የሥር ዳኛውን ምክንያት አንብቡ ነው የምንለው። ምክንያቱ ከማስረጃው የመነጨ ከሆነ፣ እናንተ ብትሆኑ ሌላ ድምዳሜ ላይ ትደርሱ የነበረ ቢሆንም እንኳ ተዉት። ከግምት የመነጨ ከሆነ፣ ዳኛው ምስክሯን አይተዋል በሚል አትለፉት።

ትክክል ሆኖ ያገኘነውን ሽረትም እንናገር። በአንድ የወንጀል ጉዳይ የሥር ፍርድ ቤቱ ተከሳሹን ጥፋተኛ ብሎ ነበር። ይግባኝ ሰሚው ግን በመዝገቡ ውስጥ የነበረ፣ የሥር ዳኛው ምንም ያላሉበት የሆስፒታል ሰነድ አገኘ። ሰነዱ በተባለው ቀን ተከሳሹ ከጅማ ውጪ ተኝቶ ሲታከም እንደነበር ያሳያል። ችሎቱ ይህን ዘርዝሮ ጽፎ በነፃ አሰናበተው። እኛ ከከሳሿ ጎን ነበርን። ውሳኔውን ግን ተቀብለነዋል። ስህተቱ የት እንዳለ በጣት ተጠቁሟልና። በወንጀል ጉዳይ ጥርጣሬ ሲኖር ተከሳሹ መጠቀም እንዳለበትም አንዘነጋም።

አራተኛው ቅሬታ አጭር ነው፤ ግን ከባድ ነው። የተባረረው ሰው አሠሪውን ሲከስ፣ ክርክሩ በእሱና በአሠሪው መካከል ነው። ትንኮሳው የደረሰባት ሴት ምስክር ብቻ ናት። ይግባኝ ሲባል መጥሪያ አይደርሳትም። መልስ አትሰጥም። "ቃሏ አይታመንም" ተብሎ ሲጻፍባት የምትሰማው ከሥራ ባልደረቦቿ ነው። እሷ ተከራካሪ ስላልሆነች ወደ ሰበርም መሄድ አትችልም። አሠሪው ደግሞ ብዙ ጊዜ ክፍያውን ከፍሎ መገላገሉን ይመርጣል። ቢሄድስ? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 80 ለሰበር የሰጠው ሥልጣን መሠረታዊ የሕግ ስህተትን ማረም ነው። ፍሬ ነገር ማጣራትና ማስረጃ መመዘን የሥር ፍርድ ቤቶች ሥራ እንደሆነ በሰበር ውሳኔዎች ደጋግሞ ይነገራል። እንግዲህ በምስክር ተአማኒነት ላይ የመጨረሻው ቃል በተግባር የእናንተ ነው። አዲስ አበባ ድረስ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞም የሚያስተካክለው ላይገኝ ይችላል።

ጥያቄው የእኛ አገር ብቻ አይደለም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1985 የወሰነው የቤሰመር ከተማ ጉዳይ አለ። አንዲት ሴት በሰሜን ካሮላይና ለምትገኝ ከተማ የመዝናኛ ዳይሬክተርነት ሥራ ተወዳደረች። ከተወዳዳሪዎቹ ሴት እሷ ብቻ ነበረች። የሥር ዳኛው በጾታዋ ምክንያት መድልዎ ደርሶባታል አሉ። ይግባኝ ሰሚው ሻረው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ መልሶ አጸናላት። ማስረጃው በሁለት መንገድ ሊታይ የሚችል ከሆነ፣ የሥር ዳኛው አንዱን መምረጣቸው ግልጽ ስህተት ሊባል አይችልም አለ። ያው ውሳኔ ግን የምስክሩ ቃል ከሰነድ ጋር ከተጋጨ ወይም እርስ በርሱ ከተፋለሰ፣ ይግባኝ ሰሚው እጁን አጣጥፎ እንዳይቀመጥም ያስገነዝባል። የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. ማርች 8 ቀን 2024 በክሩክ ጉዳይ በወሲባዊ ጥቃት ክስ ላይ ተመሳሳይ ነገር ብሏል። የተአማኒነት ግኝት የሚነካው ግልጽና ውጤቱን የሚለውጥ ስህተት ሲገኝ ነው። በተበዳዮች ላይ የተለመደ የተሳሳተ አመለካከት ግን ራሱን የቻለ የሕግ ስህተት ሆኖ ይታረማል። እነዚህ ውሳኔዎች እናንተን አያስገድዱም። አስተሳሰቡ ግን እኛ ከምንጠይቀው ጋር አንድ ነው።

ሕጋችንም መንገዱን አልነፈጋችሁም። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ በአንቀጽ 345፣ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ ደግሞ በአንቀጽ 194 በይግባኝ ደረጃ ተጨማሪ ማስረጃ መስማት የሚቻልበትን ሁኔታ ይደነግጋሉ። ምስክሯን ጠርታችሁ "ረቡዕ ነው ወይስ ሐሙስ?" ብላችሁ ብትጠይቋት፣ መልሱ ደቂቃም አይፈጅም ነበር።

ከዚህ በመነሣት የሚከተሉትን እንጠይቃለን።

የሥር ዳኛውን የተአማኒነት ግኝት ስትሽሩ፣ ዳኛው የሰጡትን ምክንያት በውሳኔያችሁ ላይ አስቀምጡ፤ ከዚያ ስህተቱ ምን እንደሆነ ጻፉ። "ማስረጃውን መርምረን አላሳመነንም" የሚል ዓረፍተ ነገር ብቻውን አይበቃም። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 182 ፍርድ ጭብጡንና ምክንያቱን እንዲይዝ ያዛል፤ እኛም ከዚያ በላይ አልጠየቅንም።

ጥርጣሬያችሁ በቀን፣ በቦታ ወይም በትርጉም ላይ ከሆነ፣ ከመሻራችሁ በፊት ምስክሯን ጥሩ። የችሎት ድምፅ የተቀዳ ከሆነም አዳምጡ።

"ለምን ዘገየች፣ ለምን ፈገግ አለች፣ ለምን ቡና ጠጣች" የሚሉ ግምቶችን ከማን ጋር እንደምትሠራና በምን እንደምትኖር ሳታዩ አትቀበሉ። ግምቱ በሥር ዳኛው የተጻፈ ቢሆንም፣ በእናንተ የተጻፈ ቢሆንም።

ወደ ሥራ ይመለስ የሚል ጥያቄ ሲቀርብላችሁ የአዋጅ 1156/2011 አንቀጽ 43ን እስከ መጨረሻው አንብቡት። የሥራ ግንኙነቱ መቀጠሉ ከባድ ችግር የሚያስከትል ከሆነ፣ በመመለስ ፈንታ ካሳ ማስከፈል እንደሚቻል ይናገራል። ካቦው ተመልሶ የዚያችን ሴት ስም የሚጠራ ከሆነ፣ ከዚህ በላይ ከባድ ችግር ምን አለ? ስንብቱ ሕገ ወጥ ነው ብላችሁ ብታምኑ እንኳ፣ እሷን ከእሱ ሥር መልሶ የማያስገባ አማራጭ በሕጉ ውስጥ አለላችሁ።

የሥር ፍርድ ቤት ዳኞችንም አንድ ነገር እንጠይቃለን። የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 149 ማስረጃውን የተቀበላችሁበትን ወይም የጣላችሁበትን ምክንያት በፍርዱ ላይ እንድትገልጹ ያዛል። "ምስክሯን አምነናታል" ብላችሁ ብቻ አትለፉ። ምክንያት የሌለው ግኝት በይግባኝ የሚከላከልለት አያገኝም፤ የሚጎዳውም ያመናችኋት ሰው ናት። ወሳኝ የሆነው ጥያቄና መልስ በትረካ ውስጥ ከሚጠፋ እንዳለ ይጻፍ። በዝምታ የቆየች እንደሆነ ይህም ይመዝገብ።

አስተርጓሚዎች ደግሞ ቃሉን አታሳጥሩብን። ስድብም ቢሆን፣ ለጆሮ የሚከብድ ነገር ቢሆን እንዳለ ተርጉሙት። ትንኮሳው ቃሉ ውስጥ ነውና፣ ቃሉ ሲለሰልስ ክሱም አብሮ ይለሰልሳል። በቀን፣ በሰዓትና በቦታ ላይ ምስክሯ የተጠቀመችበት የራሷ ቃል በቅንፍ ውስጥ በመዝገቡ ላይ እንዲገባ ዳኞችን እንጠይቃለን።

በመጨረሻም፣ የአንዲት ሴት ቃል አይታመንም የሚል ውሳኔ በይግባኝ ሲሰጥ፣ ተከራካሪ ባትሆንም የውሳኔው ግልባጭ እንዲደርሳት የሚያደርግ አሠራር ይዘርጋልን። ለዚህ ደብዳቤ በጽሑፍ መልስ እንጠብቃለን። ለውይይት ብትጠሩንም፣ ከባለጉዳዮቹ ፈቃድ ያገኘንባቸውን መዝገቦች ይዘን እንቀርባለን።

ከማክበር ጋር፣

በጅማ ከተማ ለሴት ሠራተኞች ነፃ የሕግ ምክር የምንሰጥ የሕግ ባለሙያዎችና በጎ ፈቃደኞች
ጅማ